በማጭድ የታጨደ እንግጫ

መምህር ዘመነ ግቢዬ ጥግ ያለችውን ክፍል ከተከራየ ሦስት ዓመት ሆነው። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ያስተምራል፤ እጁ ሥራ አይፈታም። ለሆሳዕና ከዘንባባ ቀለበት ያሠራቸዋል፤ እህል ሲወቃ ደግሞ ከገለባ ወፍ። አንዷን ወፍ ለእኔ አምጥተውልኝ ከራስጌዬ ሰቅያታለሁ። በእኛ ጊዜማ ልጅ የሠራውን ማን ዞር ብሎ አይቶለት!

ባለፈው ጳጉሜ፣ ለክረምት ትምህርት የሚመጡትን ልጆች ሰብስቦ፣ «ዘንድሮ ወንድም ሴትም በገዛ እጃችሁ የጎነጎናችሁትን እንግጫ የዮሐንስ ጠዋት እናታችሁ ራስ ላይ ታደርጋላችሁ» ብሎ ቃል ገባ። እናቶችም ሰምተው ይጠብቁ ጀመር።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጫጫታ ሰምቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ለካ መምህሩ ልጆቹ እንዳይደክሙ ብሎ በጠዋት በማጭድ አንድ ሸክም እንግጫ አጭዶ አምጥቷል። ልጆቹ ይጎነጉናሉ፣ ሣሩ ይበተናል።

«አንተ ልጅ፣ እንግጫ ይታጨዳል እንዴ?» አልኩት።

«ሣር አይደል እንዴ፣ እማማ ሥራነሽ?»

«ከነሥሩ ነው የሚነቀል! ጉንጉኑን አጥብቆ የሚይዘውን ነጩን ሥር መሬት ውስጥ ትተኸው መጣህ!»

መምህሩ ከየት ይወቀው፤ እህት የለው፤ ወንድ ልጅ ደግሞ በዋዜማው የአበባ ሥዕል ሲሥል ነው የሚውል፣ እንግጫ ሜዳ ማን ሊያስጠጋው።

«ቲቸር ለበሬ ነው ያጨዱት!» አለች የብርጓል፣ የዘጠኝ ዓመት ምላሰኛ። ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ነገ እናቶቻቸው ፊት ምን ብዬ ልቁም?» አለኝ ዝቅ ብሎ።

«ሳይመሽ ተነሡ!» አልኩ።

ወደ ወንዙ ዳር ወረድን። ልጅ ሆኜ ከእኩዮቼ ከነወለተ ሐዋርያት ጋር እየዘፈንን የነቀልንበት ሜዳ ነው። ግማሹ ታርሷል፤ እነሱም የሉም። ያን ቀን ግን ካፊያው እየወረደብን የጉልበቴን ሕመምም ረሳሁት።

«ከሥሯ ያዝና ቀስ ብለህ ሳብ» አልኩት። እሱ ግን በኃይል ቢስብ ጊዜ በጀርባው ጭቃው ላይ ዘፍ አለ።

«ቲቸር ተነቀሉ!» ብላ ጮኸች የብርጓል። ይኼን ጊዜ እሱም ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ነቅለን ስንጨርስ ሴቶቹ ወንዶቹን መጎንጎን አስተማሩ። የብርጓል መምህሯን ያዘች፤ በተሳሳተ ቁጥር በእሱው ድምፅ «ይድገሙ!» ትለዋለች። አራት ጊዜ አስደገመችው። ፀሐይ ስትጠልቅ የሁሉም አለቀ፤ አደይ ሰክተንበት ጤዛ እንዲያድርበት ደጅ አሳደርነው።

በማግስቱ እናቶች ራሳቸው ለምልሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደጄ ላይ ቆሜ አየሁ። የታዲዮስ እናት ጉንጉኑ ሰፍቷት አንድ ዓይኗን ሸፍኗታል፤ «ልጄ የሠራውን አላነሣም!» እያለች በአንድ ዓይኗ ትሄዳለች።

መምህሩም የራሱን በኮባ ጠቅልሎ መጣ። እናቱ የምትኖረው ቁይ ከተማ ነው።

«እማማ፣ እዚያ ድረስ ሳይፈታ ይደርሳል?»

ፈታሁና ጎተት ጎተት አድርጌ አየሁት። ጠማማ ነው፤ ግን ይዟል።

«ይደርሳል» አልኩት። መኪናው እንዳያመልጠው ሮጠ።