ዕድሩ የሚያውቀው አያቴ

አባቴ ካረፈ በኋላ ወራሽነቴን ላረጋግጥ ስል የአያቴ ስም ሁለት ሆኖ ተገኘ። የአባቴ መታወቂያ አንድ ስም ይላል፤ የነፋስ ስልኩ ዕድራችን መዝገብ ደግሞ ሌላ። የፍርድ ቤቷ ጸሐፊ «አንዱን ይዘህ ና» አለችኝ። አያት እንደ ሸሚዝ ይመረጣል እንዴ?

እየተናደድኩ ጎፋ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ቤት ሄድኩ።

«መታወቂያው ላይ ያሉት አጎታችን ናቸው» አለችኝ። «አባትህን ከገጠር አምጥተው ትምህርት ቤት ሲያስገቡት በራሳቸው ስም አስመዘገቡት። ወላጅ አባታችን ዕድሩ ላይ ያሉት ናቸው። ሲሞቱ ድንኳን ላስተክልላቸው ብሎ ነው አባትህ አስቀድሞ ያስጻፋቸው።»

«አስተከለላቸው?»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ያሳደጉት አጎታችን ያኔ በሕይወት ነበሩ። እሳቸው ፊት ‹አባቴ ሞቱብኝ› ማለት አቃተው። በማግስቱ ሥራ ገባ።»