ወደ ደቡብ የወረደው ብርድ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ታናሽ እህቴ የቶሮንቶን ብርድ ሸሽታ አትላንታ ስትገባ፣ ወፍራም ካፖርቷን እዚያው ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር እኔ ቤት ትታው ሄደች።

በሁለተኛው ዓመቷ የቴሌቪዥኑ የአየር ትንበያ ሰውዬ፣ እኛን ያንቀጠቀጠን የሰሜን ብርድ ወደ ደቡብ፣ እስከ አትላንታ እየወረደ መሆኑን በካርታ አሳየ። እዚያ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከሚመጣው እርጥብ አየር ጋር ሲገናኝ በረዶ ይጥላል አለ። እኔ ሳቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ እያለቀሰች ደወለች። መብራት ጠፍቷል፣ ማሞቂያው ቆሟል፣ መንገድ የሚጠርግ መኪና የለም። በረዶው የት ድረስ ነው ስላት፣ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ አለችኝ።

"በዚህች ነው እንዴ? አትቅበጪ!" ብዬ ጮኽኩባት። "ሥጋ የምትጠብሺበት ከሰል አለሽ አይደል? እንደ እናታችን ቤት አያይዢና ሙቂ።"

የእናታችን ቤት በየስንጥቁ ነፋስ ያስገባ ነበር። የእሷ አፓርታማ ግን ድፍን ነው። ይህን አላሰብኩም። "የበሩን ሥር በፎጣ ልድፈነው?" ስትለኝ እንኳ፣ "አዎ፣ ጎበዝ" አልኳት።

የከሰሉ ጭስ አፍኖ ገደላት። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ፣ "አይ በረዶ፣ ልጅቷን በላት!" እያሉ አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው በረዶውን ረገምኩ።