የአልተሟላም ምስክር

ስማቸው ሌላ ነበር፤ በኤምባሲው የቆንስላ መስኮት ሃያ ስድስት ዓመት ያስተናገዱት ሰው ግን «አልተሟላም» ይላቸው ነበር። ፎቶው ጆሮ ካላሳየ አልተሟላም። ፊርማው ከመስመር ከወጣ አልተሟላም። ልጃቸው ስትወለድ እንኳ ጣቶቿን ሳይቆጥሩ አልተረከቡም ተብሎ ይቀለድባቸው ነበር። ጉቦ አይነኩም፣ ለዘመድ አያደሉም፤ በዚህም አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሄዱ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው እዚያው አግብታ ስለነበር አገራቸው አልተመለሱም። እንደ ማንኛውም ጡረተኛ ጡረታቸው እንዳይቋረጥ በዓመት አንድ ጊዜ ወደዚያው መስኮት እየቀረቡ በሕይወት መኖራቸውን በማኅተም ያስረግጡ ጀመር።

ዘንድሮ በመጨረሻው ቀን፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ቀረቡ። ፓስፖርታቸው ለእድሳት አገር ቤት ተልኮ ገና አልመጣም። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ወጣት ጸሐፊ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፤ አታውቃቸውም። መታወቂያ ለሌለው ሰው፣ ዘመዱ ያልሆነ የሚያውቀው ዜጋ ይመስክርለት የሚለውን ማስታወቂያ በጣቷ አሳየቻቸው። የእጅ ጽሑፉ የራሳቸው ነበር።

ልጃቸው ልትለማመጣት ስትል ክንዷን ቆንጠጥ አደረጓት። «እኔ የለጠፍኩትን አንቺ አትገነጥይውም።»

የሥራ ባልደረቦቻቸው ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ አገር ገብቷል። አግዳሚው ወንበር ላይ ግን አንዲት ልብስ ሰፊ ተራዋን ትጠብቃለች። ገና ሲገቡ አይተዋታል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቷ ታመውባት የጉዞ ሰነድ ስትጠይቅ ሦስት ቀን መልሰዋታል፤ አንዴ በፎቶ፣ አንዴ በፊርማ፣ አንዴ ሰዓት አልፏል ብለው። አገር ቤት ስትደርስ እናቷ ተቀብረው እንደነበር በኋላ ሰምተዋል። ሰምተውም ዝም ብለዋል።

መስኮቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ቀረው። ጡረታ አንዴ ከተቋረጠ ለማስቀጠል ስንት ደጅ እንደሚያስጠና ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የከበዳቸው ግን እሱ አልነበረም፤ የዚያችን ሴት ዓይን ማየት ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የምስክሩን ቅጽ እንደያዙ ወደ አግዳሚው ሄዱ።

«እህቴ፣ ያውቁኛል?»

«ከእናቴ ቀብር ያስቀሩኝን ሰው እንዴት አላውቅ?»

«እኔ ነኝ ያስቀረሁዎት» አሉ።

ሴትዮዋ እጃቸው ላይ ያለውን ባርኔጣ አየች። ከዚያ ቅጹን ተቀብላ፣ «ግለሰቡን እንዴት ያውቁታል?» ከሚለው ሥር «በዚህ መስኮት ሦስት ጊዜ መልሶኛል» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ጸሐፊዋ ግራ ገባት። «አባቴ፣ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል እንዴ?»

«እውነት ነው። ተሟልቷል፤ ምቺበት።»

ማኅተሙ ካረፈ በኋላ ልጃቸው ወደ በሩ ብትስባቸውም አልሄዱላትም። ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ቁጭ ብለው የእናቷን ስም ጠየቋት። በዚያ ክፍል ውስጥ የሰው እናት ስም ከቅጽ ላይ ሳያነቡ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።