ቀይ ቁጥር የተጻፈባቸው ጋኖች

በእኛ አውራጃ የጠላን ታክስ መልክ ያስያዘው ሰው የሥራ አለቃዬ ነበር። ሲሞት የሕይወት ታሪኩ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲነበብ ቆሜ ሰማሁ። ታታሪ፣ አርቆ አሳቢ፣ ለአዲሱ የታክስ አሠራር መሠረት የጣለ ተባለ። ሐዘን ይመጣብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ የመጣብኝ ግን ቀይ ቁጥር የተጻፈበት ጋን ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው። ስምንተኛ ክፍል ስፈተን ከጎኔ የተቀመጡት ተማሪዎች ልጆቼ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ባሕር ዳር ገቢ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ በረኛውም ጓድ፣ አለቃውም ጓድ ነበር።

የአለቃዬ ሐሳብ ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ጠላ ሻጮች ስንት እንደሸጡ አይናገሩም፤ ቢናገሩም የሚያምናቸው የለም። ስለዚህ ጠላውን ትተን ጋኑን እንመዝግብ አለ። በእያንዳንዱ የሻጭ ጋን አንገት ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጻፋል፤ ባለቤቲቱ በየወሩ በጋኗ ልክ ትከፍላለች። ጋን ተሸክሞ የሚሸሽ የለም፣ አለ። እጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ሆንሁ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት። ቀለሙ እንዳይንጠባጠብ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምጽፈው።

የዘነጋው አንድ ነገር ነበር። የአገሩ ሰው ሆኖ እንዴት እንደዘነጋው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ጋን ባንድ ቤት ተቀምጦ የሚኖር ዕቃ አይደለም። ሠርግ ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን፣ ጋን ያለው ለሌለው ያውሳል። ሁለት ሰው ተሸክሞ ያደርሰዋል፤ ድግሱ ሲያልፍ ታጥቦ ይመለሳል።

አንድ ሐሙስ ከሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ሟቹ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አርባው ቅዳሜ ይወጣል። ከጓዳው ጥግ ሁለት ጋን ቆሟል። ሁለቱም ላይ የእኔ ቀይ ቁጥር አለ።

«እነዚህ ጋኖች የማን ናቸው?» አላቸው አለቃዬ።

«ሁለቱም የጎረቤቴ ናቸው ጌታዬ። ለባሌ አርባ ተውሼ ነው።»

«ጌታ ድሮ ቀረ። ጓድ በይ።» እናቱ የሚሆኑትን ሴት ነው አንቺ የሚላቸው። «ቁጥር አለው አይደል? የንግድ ጋን ነው።»

«ቁጥሩማ የጋኑ ነው፣ ጓድ ጌታዬ። ጠላው የሟች ነው።»

በር ላይ የቆመችው ባለ ጋኗ ጎረቤት አላስቻላትም። «እንግዲያ ሟቹም ላይ ቁጥር ጻፉበታ!» አለች።

አለቃዬ ወደ ጋኖቹ ተጠጋ። አንዱን ጋን ከፈተና ጣቱን እስከ አንጓው ነከረ። ጥፍሩ ሥር ጥቁር እድፍ ነበር። መጠጠው፤ ያንኑ ምራቁ ያለበትን ጣት ሁለተኛው ጋን ውስጥ ደገመው። ቄስ ባርኮ ሊያስጀምረው የተጠመቀ ጠላ ነው እንግዲህ። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ጥሩ ጠላ ነው» አለ ከንፈሩን እየላሰ። «ለቤት እንዲህ ተደርጎ አይጠመቅም። የገበያ ነው።»

ታክሱ እስኪከፈል ጋኖቹ ይታሸጉ አለ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በሁለቱም አፍ ላይ በሙጫ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። ጠላው ለሽያጭ የተዘጋጀ መሆኑን አይቻለሁ የሚለው ቅጽ ላይም በምስክርነት የፈረምሁት እኔ ነኝ።

መንገድ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጓድ፣ ባለ ጋኗ እኮ የዚህን ወር ከፍላለች» አልሁት።

«ጋኑ ተከፍሎበታል። ጠላው አልተከፈለበትም።»

አሁን ጓዳ ውስጥ ቁጥር ያለው ጋን የንግድ ነው ያለ ሰው ነው። ከፊቱ ላይ የሐፍረት ምልክት ፈለግሁ፤ የፈለግሁትን አላገኘሁም።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ እርጥብ ጨርቅ በቦርሳዬ ይዤ ወደ አሮጊቷ ቤት ሄድሁ። ወረቀቱን አርጥቤ ልላጠው፣ ጠላው ሲቀዳ ሌላ ወረቀት ልለጥፍበት አስቤ ነበር። ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣

«ትናንት ፈርመሽ ዛሬ ልትቀጂ መጣሽ?» አሉኝ። «ሂጂ ልጄ። የባሌን ነፍስ በስርቆት አላስብም።»

ቅዳሜ ዕለት ዘመዱ፣ ካህናቱ፣ ጎረቤቱ በዳሱ ተቀመጠ። እኔም ከሴቶቹ መጨረሻ ተቀመጥሁ። እንጀራው በወጥ ቀረበ፤ ከዚያ ውኃ በጣሳ ዞረ። አንድ ቄስ ጣሳውን አሽትተው፣ «እንዴ፣ የኛ እመቤት፣ ጠላው የት ገባ?» አሉ።

«ጠላውማ አለ፣ አባ» አሉ አሮጊቷ። «መንግሥት እየጠበቀልን ነው።»

ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ዙሪያውን አይቶ ሳቁን ዋጠ። አሮጊቷ ግን አልሳቁም። ለባላቸው አርባ ለእንግዳ ውኃ ያቀረቡ ሴት ሆነው በዚያ ሰፈር እንደሚኖሩ ያውቁታል።

ማክሰኞ አለቃዬ ራሱ ሄዶ አስከፈተው። ጠላው ኮምጥጧል። ሐይቅ ይደፋ አለ። ቢበላሽም ተጠምቋልና ታክሱ አይነሳም አለ።

በዚያው ሳምንት ለሌሎች አውራጃዎች የሚላከውን መመሪያ ሊያጽፈኝ ከጎኔ ቆመ። «ቁጥር የተጻፈበት ጋን፣ በማንም ቤት ቢገኝ፣ የያዘው ሁሉ ለሽያጭ እንደተዘጋጀ ይቆጠራል» አለ። ይህ አንቀጽ ከሐሙስ በፊት አልነበረም። ከዚያች ጓዳ ነው ያወጣው።

«ተዝካርና ሠርግን የሚመለከት ነገር እንጨምር?» አልሁት።

«ተዝካር የሚል ቃል መመሪያ ውስጥ ምን ይሠራል? ቀጥዪ።»

አራት ካርቦን አስገብቼ ጻፍሁት። አንድ ፊደል አልተሳሳትሁም።