ባሌ የረጨው ጎመን

ሰበታ ቤት ሠርተን ከአዲስ አበባ ከወጣን ጀምሮ ጓሮው የእኔ ሥራ ነው። ባሌ ጓሮ የሚወጣው ስልክ ሊያወራ ብቻ ነው። እኔ ግን ጠዋት ወደ ከተማ ከመሄዴ በፊት ጎመኑን ሳላይ አልወጣም። አንድ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ ክሽክሽ ገባበት። ከቅጠሉ ጀርባ እንደ አመድ ተነስንሶ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ ነው። ትሉ ደግሞ በበኩሉ ቅጠሉን ይበሳዋል።

በጣም የተጎዱትን የታች ቅጠሎች ቆርጬ ቀበርኩ። ሳሙና በውሃ በጥብጬ የቅጠሎቹን ጀርባ በጨርቅ አጠብኩ። ትሉን በእጄ ለቀምኩ። ተባዩ አረም ውስጥም ስለሚጠለል ዙሪያውን ያለውን አረም አበባ ሳያወጣ ነቀልኩት። ቀስ በቀስ ቀነሰልኝ። ቀይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸው ትንንሽ ጥንዚዛዎችም መጥተው ክሽክሹን ይበሉት ጀመር። ለባሌ አሳይቼው «እነዚህን እንዳትነካብኝ፣ እያገዙኝ ነው» ብዬው ነበር።

ባሌ ለእሑድ የሥራ ባልደረቦቹን ምሳ ጠርቶ ነበር። ሐሙስ ማታ ስለ ምግቡ ስናወራ «ይሄን የተበሳሳ ጎመን ለሰው ልናቀርብ ነው?» አለኝ።

«ተከትፎ ሲበስል ማን ያየዋል?» አልኩት። በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ በማለዳ ለጎረቤታችን አንድ እቅፍ ጎመን ቆረጥኩ። እማማ እላቸዋለሁ። እኛ ሳንመጣ በፊት እዚያው ሲያርሱ የኖሩ፣ የመጀመሪያውን የጎመን ችግኝ ይዘውልኝ የመጡ ሴት ናቸው። ቅጠሉ ላይ ጤዛ ስለነበረ ምንም አላየሁበትም። ሽታ ሸትቶኛል፤ የፋብሪካ ነው ብዬ ተውኩት። ሰበታ የሚኖር ሰው ሽታ ሁሉ የፋብሪካ ይመስለዋል።

ረፋዱ ላይ ለእንግዶቹ ልቆርጥ ስመለስ ጥንዚዛዎቹ በጀርባቸው ተዘርረው መሬት ላይ አየኋቸው። ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ጠብታ ደርቋል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ባሌ ከኋላዬ መጣ።

«ትናንት አንቺ ሥራ ላይ እያለሽ ረጨሁልሽ» አለ፣ በኩራት። «አንድም አልተረፈም አይደል?»

«ምንድን ነው የረጨኸው?»

«ከዓለም ገና መድኃኒት ገዝቼ ነው።»

ለእማማ መስጠቴን እንኳ ሳልነግረው በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ስደርስ እማማ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ድስቱ ተጥዷል።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«እማማ፣ ጎመኑን በሉት እንዴ?»

«ገና ነው። ጨዉን ልይ ብዬ አንድ ሁለቴ ቀምሻለሁ።»

ድስቱን ከምድጃው አንስቼ እንደተረጨ ነገርኳቸው። ብዙም ሳይቆይ አቅለሸለሻቸውና አስመለሳቸው። ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ለባሌ ደውዬ የመድኃኒቱን ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት።

ሐኪሟ የመድኃኒቱን ስም ጠየቀች። ባሌ የያዘው ምንም ያልተጻፈበት የውሃ ፕላስቲክ ነበር። ስሙን አያውቀውም። ያን ጊዜ ሰው መሃል ባንሆን ኖሮ ምን እለው እንደነበር አላውቅም። ፕላስቲኩን ነጥቄ፣ የገዛበትን ሱቅ ጠይቄው ዓለም ገና ሄድኩ።

ሻጩ ከትልቅ ዕቃ እየቀዳ ነው የሚሸጠው። ዕቃውን አውጣ አልኩትና ጽሑፉን በስልኬ አንስቼ ለሐኪሟ ላክሁ። ከዚያ ራሴ አነበብኩት። አትክልቱ ከተረጨ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አይበላም ይላል።

«ይሄን ለባሌ ነግረኸዋል?»

«አልጠየቀኝም እህቴ። ለተባይ አለኝ፣ ለተባይ ሰጠሁት።»

«ሰው እንደሚበላው አታውቅም?»

ሌላ ደንበኛ ስለመጣ ፊቱን አዞረብኝ። እኔም ደንበኛው እየሰማ ያደረገውን ሁሉ ተናገርኩት። ደንበኛው ሳይገዛ ሄደ። ሻጩ ሥራዬን አበላሸሽ አለኝ።

እማማን እስከ ማታ ተከታትለው ወደ ቤት ሸኟቸው። መርዙ ይሁን ድንጋጤው ሐኪሟም እርግጠኛ አልሆነችም። ለእኔ ልዩነት የለውም።

ቤት እንደገባን ባሌ «ሰውዬው አልነገረኝም እኮ» አለ። ንዴቴ የገነፈለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ አልነገረኝም ይላል፣ ሌላው አልጠየቀኝም ይላል፣ መሃል ላይ እኔን ያመኑ ሴት ሲያስመልሳቸው ዋሉ። የበጠበጠውም ልብስ በማጥብበት ባልዲ ነው። ባልዲውን አስጣልኩት። ጎመኑን ከነሥሩ ነቅሎ፣ ዶሮና ከብት እንዳይደርስበት ከጓሮው ጥግ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ እንዲቀብረው አደረግኩት። በጓንትና በማስክ ሠራው፤ እኔም ቆሜ አየሁት። ለእንግዶቹም ራሱ ደውሎ ምሳው ቀርቷል አላቸው። ምክንያቱን ሲጠይቁት «ጎመን መርዤ ነው» በል አልኩት። አላለም።

ከወራት በኋላ በሌላው የጓሮው ጎን አዲስ ችግኝ አራርቄ ተከልኩ፤ መሃል መሃሉ ላይ ነጭ ሽንኩርት አስገባሁ። ክሽክሹ ቶሎ ተመለሰ። ጥንዚዛዎቹ ግን ብዙ ቆዩብኝ፤ እስኪመጡ ድረስ በየማለዳው በሳሙና ውሃ ሳጥብ፣ ቅጠል ስገለባብጥ ነው የከረምኩት። ባሌ ላግዝሽ ሲለኝ እጅህን አታስገባ እለው ነበር። አሁን አረም ብቻ እንዲነቅል ፈቅጄለታለሁ።

ጎመኑ ሲደርስ ለእማማ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አሸተቱት። «ባልሽ ነክቶታል?» አሉኝ። አልነካውም፣ ይኸው ትሉ የበሳው አልኳቸው። ተቀበሉኝ፤ ሲበሉት ግን አላየሁም። በማግስቱ በአጥራቸው በኩል ሳልፍ ላሚቱ ጎመን እያኘከች ነበር።