ከልጄ በፊት አሸዋው

በመካነ ሰላም ገበያ ዳር የሚገኝ የአንድ ፎቅ ቤት የጎን ግድግዳ ሊለሰን ነበር። ከግርጌው የሱቆች የቆርቆሮ ጣሪያ ስለተዘረጋ የመወጣጫው ቋሚ መሬት ሊረግጥ አልቻለም። ስለዚህ ባለ ሦስት ማዕዘን የብረት ደጋፊዎች ግድግዳው ላይ በቡሎን ታሰሩ፤ የቀርከሃው ርብራብም በእነርሱ ላይ ተነጠፈ። ለሳኙ ልጄ ነው፤ ቀድሞ የሚቆምበትም እርሱ።

ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ካልተጠየቅሁ አልናገርም። ያን ማለዳም የመጣሁት ለማየት ብቻ ነበር። ልጄ ከመስኮት ተንጠራርቶ አንዱን ቡሎን በመዶሻ ቢመታው ግን ግድግዳው እንደ ከበሮ ጮኸ። ብረቱ የታሰረው ከቤቱ የኮንክሪት ቋሚ ላይ ሳይሆን ውስጡ ባዶ ከሆነው ብሎኬት ላይ ኖሯል።

«እንዳትወጣ!» አልሁት።

«አባባ፣ ሰው ፊት አያሳፍሩኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብረቱን የበየደው ጎረቤታችን ሰምቶ ቱግ አለ። «ወላሂ ጋሼ፣ የኔ ብረት ዝሆን ይሸከማል! ይኼ ልጅዎ ደግሞ ሲነፍስ የሚወድቅ ቀጫጫ!»

«ብረትህን አልጠረጠርሁም፤ የጠረጠርሁት ግድግዳውን ነው። ከልጄ በፊት አሸዋ ይቀመጥበት።»

ባለሱቆቹ እየሳቁ ከቆርቆሮው ሥር ወጡ። ከሁለት ለሳኞችና ከዕቃቸው የሚከብድ አሸዋ በጆንያ ሞልተን፣ ከቤቱ ሰገነት ላይ በገመድ ቀስ እያልን ወደ ርብራቡ አወረድን። የመጨረሻው ጆንያ ሲያርፍ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ርብራቡ ከነአሸዋው ቆርቆሮውን ጨፍልቆ ወደቀ።

በያጁ ብረቱን ከፍርስራሹ አወጣ፤ የብሎኬት ስባሪ ተጣብቆበታል። «አላልኋችሁም? የኔ ብረት ግድግዳውን ነቅሎ ይመጣል እንጂ አይለቅም!» ቢል ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ልጄ ብቻ አልሳቀም። የጎደጎደውን ቆርቆሮ አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«የት እንሰረው?»

ጠመኔ አነሣሁ። ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት ብቻ የሳልሁት ኃይል በዐይኔ ፊት ቆርቆሮ ጨፍልቋል! የላይኛው ቡሎን እንደሚጎተት፣ የታችኛው የብረቱ እግር ግድግዳውን እንደሚገፋ፣ ሁለቱም ከኮንክሪቱ ቋሚ ላይ ማረፍ እንዳለባቸው ግድግዳው ላይ እየሳልሁ አስረዳሁ። በያጁ ራሱ «እሺ ጋሼ፣ እዚህ ጋ? ወይስ እዚህ?» እያለ ቀዳዳውን በሳ።

ከቀትር በኋላ ርብራቡን ዳግም አንጥፈን ያንኑ አሸዋ መልሰን ጫንነው። ቀርከሃው ትንሽ ጎበጥ አለ፤ ብረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። «ማሻ አላህ!» አለ በያጁ። አሸዋው ተነሣ፤ ልጄም ወጥቶ ርብራቡን በተረከዙ መታ መታ አደረገው።

«አባባ፣ ልጀምር?» አለ ከላይ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ።

«ጀምር!» ብዬ ጮኽሁ። የመጀመሪያው ልስን ግድግዳው ላይ ጧ ሲል ሳላስበው አጨበጨብሁ።