በኮምፒውተር ያልታየ ባትሪ አይሞትም

«አንተ ልጅ፣ በኮምፒውተር አታየውም እንዴ?» አሉኝ ዛሬ ጎፋ ሱቄ የመኪና ባትሪ ይዘው የመጡ አንድ ጋሼ።

በመልቲሜትር ለክቼ፣ ቁጥሩን አሳይቼ፣ «ሞቷል» ብያቸው ነበር። ግን በእጅ የሚያዝ ዕቃ ምን ያውቃል!

እሺ ብዬ መልቲሜትሩን በገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። ያው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ገዘፍ ብሎ ወጣ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው ለባለቤታቸው ደወሉ። መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በኮምፒውተር ታይቷል፤ አልተረፈም» አሏቸው።

እኔ የላፕቶፑን ቻርጀር በእግራቸው እንዳይነቅሉብኝ እየጠበቅኩ ነበር። የላፕቶፑም ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ እሱን ግን በኮምፒውተር ያየው የለም።

እናንተስ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሟችኋል? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ስክሪን ላይ ካላየሁት አላምንም።